ያልተቀመሰው አልጫ

ዝናሽ አስማረ ቴሌቪዥኑን የገዛችው ለኳስ ብላ ነበር። ምግብ ቤቷ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ፊት ለፊት ናት፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ የተከለለ ወጥ ቤት። ሾፌሮቹ ጨዋታ ባለ ቁጥር ምሳቸውን ትተውላት ወደ ሌላ ቤት እየሄዱ ቢያስቸግሯት ነው ከግድግዳው ያሰቀለችው። ዓመት ሳይሞላ ግን ከኳሱ ይልቅ ሰው የሚሰበስብላት ሌላ ነገር ተገኘ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፈው የምግብ ዝግጅት።

የሐሙሲት መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ፋሲል ተራው እስኪደርስ ወንበር ስቦ ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል። እሱ የሚጠብቀው መጨረሻውን ነው። ሜላት የምትባለው አቅራቢ ማንኪያዋን ከድስቱ ነክራ ታወጣለች፣ እፍ ትላለች፣ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ዝም ትላለች። ያኔ ቤቱም አብሮ ዝም ይላል።

«ለእኔ ዝግጅቱ ማለት ይቺ ናት» ይላል ፋሲል። «ዓይኗን ስትጨፍን የበላሁት እኔ ነው የሚመስለኝ።»

ጡረታ የወጡት መምህር ሙሉቀን ግን እየተናደዱ የሚያዩ ሰው ናቸው። «አራት ጭልፋ ቅቤ ጨመረች እኮ። አራት ጭልፋ ቅቤ ያለው ሰው ወጥ አሠራር ከቴሌቪዥን ምን አስጠናው? ሽንኩርቱስ? ማስታወቂያ ለቀው ሲመለሱ ደርሶ ይቆያቸዋል። ጭስ የለ፣ እንባ የለ።» እንዲህ እያሉ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም።

ዝናሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያለች። የቢላዋ አያያዛቸው ደስ ይላታል፤ ሥጋ ሲጠበስ ከቅርብ ሲያሳዩት ደስ ይላታል። የማትወደው አንድ ነገር ነው። ሜላት ለእንግዶቿ ሁሉ «ሳይቀምስ የሚያቀርብ ባለሙያ የለም አይደል?» ትላለች። ይህን ስትሰማ ዝናሽ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች።

እሷ ሙያውን የተማረችው ሳትቀምስ ነው። የተወለደችው ጉና ተራራ ግርጌ ሲሆን ያሳደጓት አክስቷ የአገሩ የድግስ ወጥ ሠሪ ነበሩ። የፋሲካ ወጥ የሚሠራው ቅዳም ሥዑር ነው። ሠሪዋ ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ፣ በመጨረሻው ሁለት ቀን አክፍላ፣ እህል ውኃ ሳይደርስባት ድስቱ ሥር ትቆማለች። ዶሮ ሲጮኽ ያ ወጥ የሰውን ሁሉ ጾም ይፈታል። ጨው ቢበዛበት የሚያርመው የለም፣ ቢያንስበትም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አክስቷ «ምላስ እንደሌለሽ ሁኚ» ይሏት ነበር። እንፋሎቱን በመዳፏ ወደ አፍንጫዋ እየጠራች፣ ድስቱ ሲንተከተክ ድምፁን እያዳመጠች፣ ከማማሰያው ላይ የሚንጠባጠበውን እያየች ለመደችው። አናጢ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ትዝታን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችው በዚሁ ሙያ ነው። ለሠርግና ለተዝካር እስከ እብናት ድረስ ይወስዷታል። በደብራቸው ሰንበቴ ደግሞ የፋሲካውን ድስት ከእሷ በቀር የሚነካው አልነበረም።

ነገሩን ያመጣችው ትዝታ ናት። እናቷ አልጫ ስትሠራ በስልኳ ቀርጻ ለዝግጅቱ ላከችው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ታምራት የሚባል የዝግጅቱ ኃላፊ ደወለ።

«ወይዘሮ ዝናሽ፣ የዘንድሮውን የፋሲካ ልዩ ዝግጅት ከእርስዎ ቤት ልንሠራው ፈልገናል። የበግ አልጫዎን ነው የምንፈልገው።»

«መቼ ነው የምትመጡት?»

«በሚቀጥለው ሐሙስ።»

«ሐሙስ እኮ ሁዳዴ ነው፣ ወንድሜ።»

«የበዓል ዝግጅት ሁሉ ቀድሞ ነው የሚቀረጸው። ሥጋውን እኛው ይዘን እንመጣለን፣ አይጨነቁ።»

ዝናሽ መልስ ሳትሰጥ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ወርቁ ሄደች። መምሬ ወርቁ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟትና አሰብ አደረጉ።

«መሥራቱ አይከለከልም» አሉ። «ለታመመና ለአራስ በጾም ሥጋ ይሠራ የለ? እጅሽ ይንካው፣ አፍሽ አይንካው። ወጡንስ ለማን ትሰጪዋለሽ?»

«ጎረቤት አራስ አለች፣ አባ።»

«እንግዲያ ይሁን። ብቻ ልጄ፣ ሰው ያያል። ሰው ደግሞ ያየውን እንጂ የሆነውን አያወራም።»

ያን ጊዜ አልገባትም ነበር።

መጋቢት ሦስት ሐሙስ ጠዋት ታምራትና ሜላት ከቀራጮቻቸው ጋር መጡ። ሰሞኑን መንገዱ ደህና ስለነበር ከባሕር ዳር በማለዳ ነው የተነሡት፤ ሥጋውን በበረዶ ሣጥን ይዘዋል። በመኪናው ላይ የጣቢያው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ መናኸሪያው ሁሉ ቆሞ አየው። ምግብ ቤቱ ተዘጋ። የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ በጨርቅ ሸፈኑት። የእንጨቱን እሳት አስጠፉና የኤሌክትሪክ ምድጃ አመጡ፤ ጭስ ለካሜራው አይሆንም አሉ። ዝናሽ በማታውቀው ምድጃ ላይ፣ በማታውቀው ድስት ሽንኩርቷን ጣደች።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ከጎን ቅመም የምትሸጠው ሀዋ የተፈጨ ኮረሪማ ይዛ መጥታ በሩ ሥር ቆመች። «እኔም ጾመኛ፣ አንቺም ጾመኛ፣ ሥጋ ስናሸት ልንውል ነው» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። የዚያን ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። በሄደ ቁጥር እንደገና ይጀምሩ ይሏታል። ማማሰያውን ስታዞር «ይቁሙ፣ እጅዎ በጥላ ተሸፈነ» ይሏታል። ሽንኩርት አይጠብቅም፤ ቡኒ ሊሆን ሲል ውኃ ጠብ ታደርግለታለች፣ እነሱ ደግሞ ውኃ የጨመረችበትን ከሌላ በኩል ሊቀርጹት ይድገሙት ይሏታል። ሜላት ካሜራው ሲበራ ትስቃለች፣ ሲጠፋ ወንበር ላይ ተጣጥፋ ስልኳን ታያለች። ዝናሽ ከጠዋት ጀምሮ ውኃም አልቀመሰችም፤ ከቅቤው ጋር የሚነሣው እንፋሎት ራሷን ያዞራት ጀመር። ስምንት ሰዓት ሲሆን አልጫው ደረሰ። እንፋሎቱን በመዳፏ ጠርታ አሸተተችው። ልክ ነበር።

ሜላት ማንኪያዋን ነከረች፣ እፍ አለች፣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ዝናሽ ያንን ፊት ከቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ከዚያ ሜላት ሌላ ማንኪያ ሞልታ ወደ ዝናሽ አፍ አቀረበች።

«ባለሙያዋስ ምን ትላለች?»

ዝናሽ አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች። «ጾም ነው፣ ልጄ።»

ታምራት ካሜራውን አስቆመ። «ወይዘሮ ዝናሽ፣ ይሄ የሚታየው በፋሲካ ዕለት ነው። ሰው ሲያየው ጾም የለም።»

«እኔ ያለሁት ግን ዛሬ ነው።»

«አንዲት ማንኪያ ናት። ይቅመሱና ወዲያው ይትፉት። በሩ ዝግ ነው፤ ማንም አያይም።»

«ይሄን ሁሉ መስታወት ደግነህብኝ ማንም አያይም ትለኛለህ?»

ካሜራ ያዡ ሊስቅ ብሎ ተወው። ታምራት አልሳቀም። «ይስሙኝ። ተመልካች ሽንኩርቱን አይወደውም፣ ቅቤውን ይሰድባል፣ የሚወደው ቅምሻውን ነው። ሠሪዋ ካልቀመሰችው ምን አሳየን እንላለን? ይሄን ያህል አገር አቋርጠን መጥተን ያለ መጨረሻ ልንመለስ ነው?»

«እማዬ…» ብላ ትዝታ ጀመረች። እናቷ ዞር ብላ ስታያት አልጨረሰችውም።

«ወንድም» አለች ሀዋ ከበሩ ሥር፣ «አልፈልግም ባለ ሰው አፍ ማንኪያ አይገባም።»

ሜላት ማንኪያውን ዝቅ አደረገችው። ድምፅዋም ዝቅ ብሎ ነበር። «ተዋት ታምራት። እኔም እኮ ጾመኛ ነበርኩ። እኔስ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው። እሷ ምን አደረገችን?»

ጥግ ላይ የሜላትን ፊት የምትቀባዋ ልጅ ስልኳን ይዛ ቆማለች፤ ለመታሰቢያ እያለች ከጠዋት ጀምሮ ስትቀርጽ ስለዋለች ልብ ያላት ሰው የለም። ታምራት ሰዓቱን አየ። ከዚያ በድንገት ፊቱ ፈታ አለ። «እሺ፣ ይቅር» አለ። «አናስገድድም።»

ይህ ቶሎ መለዘቡ ዝናሽን ደስ አላሰኛትም። ግን ደክሟት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስር ወጧን አቅርባ ከጥግ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ካሜራ ያዡ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። «ይብሉ ይብሉ፣ መብራት ልለካ ነው» አላት። ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች። ታምራት ከኋላው ሆኖ «ጣፈጠዎት?» ሲል ጠየቃት። የጾመ ሰው እህል ሲቀምስ የሚለውን አለች፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጣፍጧል።»

አልጫው ለአራሷ ተላከ። እንግዶቹ አመስግነው ሄዱ።

በፋሲካ ዕለት ምግብ ቤቱ ክፍት ባይሆንም ሰው ሞላው። ፋሲል ወንበሩን ከስክሪኑ ሥር ሳበ። መምህር ሙሉቀን በነጭ ጋቢያቸው መጡ። የሰንበቴ ጓደኛዋ የሺም ነበረች፤ ልጇን ልትድር ቀን ቆርጣ ዝናሽን ወጥ እንድትሠራላት ከጥር ጀምሮ ይዛታለች። ዝናሽ በስክሪኑ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ቤቱ አጨበጨበ። «ጭስ የለም» አሉ መምህር ሙሉቀን፤ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ሜላት ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ማንኪያውን ወደ ዝናሽ አቀረበች። «ባለሙያዋስ ምን ትላለች?»

ከዚያ በስክሪኑ ላይ የዝናሽ አፍ በትልቁ መጣ። የተጠቀለለ ጉርሻ ገባ፣ ታኘከ፣ ተዋጠ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በስክሪኑ ያለችው ዝናሽ፣ «ጣፍጧል።»

ፋሲል አጨበጨበ። አብሮት ያጨበጨበ አልነበረም። መምህር ሙሉቀን የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ዝናሽ» አሉ፣ «ይሄ የተቀረጸው መቼ ነበር?»

መቼ እንደተቀረጸ የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። መኪናው መናኸሪያው ላይ ቆሞ የዋለው በጾሙ እኩሌታ ነው። ዝናሽ «አልቀመስኩም» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ከስክሪኑ ላይ ገና እያኘከች ነበር። የሺ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ወሬው ገበያ ደረሰ፣ ከገበያ ደብሩ ደረሰ። በሁዳዴ ሥጋ ቀመሰች፤ ያውም ሰው እያያት። ሀዋ በሱቋ ለሚገባ ሁሉ «ወላሂ አልቀመሰችም፣ የበላችው ምስር ነው፣ በሩ ሥር ቆሜ ነበር» ትላለች። ሰው ኮረሪማውን ገዝቶ «ጎረቤት ናችሁ፣ ምን ትበዪ» ብሎ ይወጣል። ለዳግም ትንሣኤ ሰንበቴ ድስቱን ሌላ ሴት እንድትይዘው ተነገረ። ለዝናሽ የነገራት የለም፤ ማማሰያዋን ይዛ ሄዳ ነው እሳቱ ላይ ሌላ ሴት ቆማ ያገኘችው። ማማሰያውን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ተመለሰች።

የሺ ደወለች። በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ እያለ መደወሏን ስታይ ዝናሽ ነገሩን ገመተችው።

«ለሠርጉ ሌላ ሰው ይዘናል» አለች የሺ።

«ስለ ምን?»

«የእኔ ነገር አይደለም። የሙሽራው አባት ዲያቆን የነበሩ ናቸው፤ ሰምተዋል።»

«አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«እኔማ አየሁ፣ ዝናሽ።»

ዝናሽ ለታምራት ደወለች። በሦስተኛው ቀን አነሣላት፤ ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። «ዝግጅቱ እንዴት እንደተወደደ ቢያዩ። በጣም የወደዱት ደግሞ የእርስዎን ቦታ ነው።»

«ያልበላሁትን አበላችሁኝ።»

«ሲበሉ የተቀረጸ ነው እኮ፤ አልፈጠርነውም።»

«የበላሁት ምስር ነው።»

«ተመልካች ይሄን አያውቅም።»

«እኔ የምኖርበት አገር ቀኑን ያውቃል። ሳይቆራረጥ በፊት ያለውን ላክልኝና ለሰው ላሳይ።»

«እሱ የጣቢያው ንብረት ነው፣ ወይዘሮ ዝናሽ። አሠራራችን አይፈቅድም።» ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ለመሥራት እንጂ ለመናገር አፏን መክፈት ተወች። ቅዳሜ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው፤ ዘጋችው ቢሏት ደግሞ ሌላ ወሬ ይሆናል። ፋሲል ብቻውን ተቀምጦ አየ። ሜላት ዓይኗን ስትጨፍን አላያትም፤ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር ብሎ የዝናሽን ፊት አየ፣ ከዚያ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ያልታወቀ ቁጥር ደወለ።

«እትዬ ዝናሽ፣ ሜላት ነኝ።»

ዝናሽ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«የደረሰብዎትን ልጅዎ ጽፋልኝ አነበብኩት። ፊቴን የምትቀባኝ ልጅ ያን ቀን የቀረጸችው ስልኳ ላይ አለ። እምቢ ሲሉ፣ ታምራት ይትፉት ሲልዎት፣ ሁሉም አለበት። ልኬልዎታለሁ። እኔም አለሁበት። ስቀምስም፣ ያልኩትም። ካስፈለገዎት ያውጡት።»

«አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?»

«እንጃ። ሥራው ይቀር ይሆናል። እሱስ ይሁን፤ እናቴ ናት የምታሳስበኝ። የበዓሉ ዝግጅት በፍስክ ቀን እንደሚቀረጽ ነው የነገርኳት። እሷ ብቻ ባታየው ሌላው ሰው ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።»

ኢንተርኔቱ ደካማ ስለነበር ቪዲዮው እስኪወርድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሦስት ደቂቃ ነው። ትዝታ እስከ መጨረሻው አየችው።

«አሁኑኑ እለቀዋለሁ፣ እማዬ። እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ያየዋል።»

«ከተማው ብቻ ነው የሚያየው?»

«ሁሉም ይየው። አንቺን በአገር ፊት ሲያሳዩሽ ማን አዘነልሽ?»

«እናቷ ታየዋለች።»

«የኔስ እናት?» አለች ትዝታ። «ማማሰያሽን ነጠላሽ ውስጥ ሸሽገሽ ስትገቢ ያየሁሽ እኔ ነኝ። የላክሁትም እኔ ነኝ። ስምሽን የምመልስበት ነገር እጄ ገብቶ ዝም ልበል?»

ዝናሽ ከልጇ ጎን ተቀመጠች። «ልጅቱ ማንኪያውን ከአፌ ላይ ያወረደችው ማንም ሳያስገድዳት ነው» አለች። «እሷን ጥዬ የምነሣ ከሆነ ያልቀመስኩት ለምን ነበር? ስልክሽ ላይም እንዳለ አውቃለሁ። አልቀማሽም።»

ትዝታ ተነሥታ ወጣች። ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ዝናሽ ሰው በስልኩ ላይ ባቀረቀረ ቁጥር ቀና ብላ ታይ ነበር፤ ቪዲዮው ወጥቶ ይሆን፣ እያዩት ይሆን እያለች። አልወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት መምሬ ወርቁ ዘንድ ሄዳ ስልኩን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አዩት። ሲጨርሱ መነጽሩን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይህችስ ልጅ?»

«እሷን አላየኋትም ይበሉ፣ አባ።»

«አይቻታለሁማ። የእኔ የንስሐ ልጅ ግን አይደለችም፤ የሚጠይቃት ሌላ ነው። ለሰንበቴው ይታይልሽ?»

«አይሆንም። እርስዎ ያዩት ይበቃኛል።»

«ለእነሱ ላይበቃ ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ሰው እንደተቀመጠ መምሬ ወርቁ ቆሙ። «ዝናሽ አልቀመሰችም» አሉ። «እኔ በዓይኔ ያየሁት ማስረጃ አለ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፤ እሷንም አትጠይቋት።» ከሴቶቹ መካከል አንዲቱ «እኛስ ያየነው?» ስትል መምህር ሙሉቀን ከወንዶቹ ወገን ተነሡ። «ሽንኩርት በማስታወቂያ መሐል የሚያበስሉ ሰዎች ምስርን በግ ማድረግ ያቅታቸዋል ወይ?» አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ የሚበዙት አመኑ። ያልሳቁት ዝናሽን ሲያልፉ ሰላም አሏት፣ ግን ሳይቆሙ።

በማግስቱ የሺ ራሷ መጣች። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር፤ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች።

«ለመምሬ ያሳየሻቸውን አሳዪኝ።»

«አላሳይም፣ የሺ።»

«ለእኔ ነው እምቢ የምትዪው? ልጄን ስዳራት ማንን ትቼ ማንን እንደያዝኩ ማወቅ የለብኝም?»

«የመምሬን ቃል ሰምተሻል።»

«የምትደብቂው ባይኖር ታሳዪኝ ነበር።»

«የምደብቀው የእኔን አይደለም።»

«የማንን ነው?»

ዝናሽ ድስቷን ማማሰል ቀጠለች። የሺ በመጣችበት ወጣች። ትዝታ በሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ስልኳ እጇ ላይ ነበር። እናቷን አየቻት፣ ስልኳን ኪሷ ከተተችና መክተፊያ አንሥታ ሽንኩርት ትከትፍ ጀመር።

የሠርጉ ጥሪ ግን አልቀረም። ብዙዎች ትቀራለች ብለው ነበር። ዝናሽ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች፣ ዳሱ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ወጥ የያዘችው ከሌላ ወረዳ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ዝናሽ ገና ምግቡ ከዳሱ በር ሲገባ ከሽታው ጨው እንዳነሰው አወቀች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ አፏን እያዩ ነበር፤ ስትጎርስ ዝም አሉ። በላች፣ እስኪያልቅ በላች።

የሺ እንግዶቹን እየዞረች ብሉ ስትል ዝናሽ ዘንድ ደረሰች። እግሯ ቆመ።

«ወጡ እንዴት ነው?» አለች። ለምን ያንን እንደጠየቀች ራሷም ያወቀች አይመስልም።

«ጥሩ ነው። ሠሪዋ ደህና እጅ አላት።»

የሺ ጨው ማነሱን ታውቃለች፤ ከሦስት ጠረጴዛ ጨው አምጡልን ሲሏት ነበር። ዝናሽን ትንሽ አየቻት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

ከሠርጉ በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሺ ወደ ምግብ ቤቱ ገባች። ፋሲልና ሌሎች ሁለት ሾፌሮች እየበሉ ነበር። የሺ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ስለ ቪዲዮው አላነሣችም፣ ስለ ሠርጉም አላነሣችም።

«ቅልቅሉ እሑድ እኔ ቤት ነው» አለች። «ስድሳ ሰው ነው። የሙሽራው አባትም ይመጣሉ፤ አንቺ እንደምትሠሪው ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። ይመጣሉ ግን።»

ዝናሽ እጇን በሽርጧ ጠረገች። በውስጧ የቆየ ብዙ ነገር ነበር፤ ቢናገሩት የሚያምር፣ ቢሰሙት የሚከብድ።

«ሽንኩርቱን ዓርብ አድርሺልኝ» አለች። «ቀዩን ይሁን፣ ትልልቁን እንዳትገዢ። ውኃ ነው።»

«እሺ» አለች የሺ። ትሄዳለች ሲሉ ወንበር ሳበች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ትዝታን ጠርታ ምሳ አዘዘች።